እትዬ አሰበች ድነው የተኙበት ጥቅምት

ኮኪት ውስጥ መታመም የፈለገ ሰው አስቀድሞ ከእትዬ አሰበች ጋር መስማማት አለበት። ቀልዴን አይደለም። ትኩሳት ቢያነድህ፣ ቢያስመልስህ፣ ከጤና ጣቢያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብታመጣ፣ እሳቸው መጥተው ግርጌህ እስካልተቀመጡ ድረስ አንተ በሽተኛ ሳትሆን ሥራ የጠላህ ሰው ነህ። አንዴ ከተቀመጡልህ ግን ጌታ ነህ። ሚስትህ ድምፅዋን ትቀንሳለች፣ አለቃህ "ተኛ፣ አትቸኩል" ይልሃል፣ የተጣላህ ጎረቤት ብርቱካን አንጠልጥሎ ይመጣል።

እኔ ባየልኝ እባላለሁ። የጎጃም ሰው ነኝ። በሶሺዮሎጂ ተመርቄ እዚህ ቆላ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ለምን እንደዚህ እንደሆነ የመደበኝን ሰው ጠይቁት። "ሶሺዮሎጂ ምንድን ነው?" ለሚለኝ ሁሉ "ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚኖሩ የሚያጠና ትምህርት ነው" ብዬ እመልሳለሁ። "ይህንማ ማን ያጣዋል!" ይሉና ስለ ሰሊጥ ማውራታቸውን ይቀጥላሉ። ያበሽቀኛል። የእትዬ አሰበችን ነገር እኔ ራሴ ልጽፈው የተነሣሁትም ለዚህ ነው፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ንድፈ ሐሳቡን ይዘለዋል።

እትዬ አሰበች የቤት አከራዬ ናቸው። ትውልዳቸው ሳንጃ አካባቢ ነው። ትራክተር ነጂ አግብተው ኮኪት ሲገቡ ከተማዋ ጥቂት የሣር ጎጆና ብዙ ጊንጥ ነበረች ይላሉ፤ ጊንጡ አሁንም አልቀነሰም። ባላቸው ሲሞቱባቸው ትራክተሩን ሸጠው ወፍጮ ተከሉ። ልጅ አልወለዱም። ወፍጮው ግን ከልጅ አያንስም፤ ያኮርፋል፣ ያስላል፣ ከእሳቸው እጅ በቀር በማንም እጅ አይነሣም። ሌላ ሰው ሞተሩን ሊያስነሣ ሲሞክር ጥቁር ጭስ ፊቱ ላይ ይተፋበትና ዝም ይላል። ስለዚህ የከተማው ማሽላ ሁሉ፣ በመኸር ከደጋ የሚጎርፈው የሰሊጥ አጫጅ ምግብ ሁሉ፣ በአንዲት ሴት አንገት ላይ በተንጠለጠለ ቁልፍ ይከፈታል ይዘጋል። ማኅበራዊ መዋቅር የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ጋ ቢነቀነቅ ሌላው ጋ ይሰማል። ተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻቸው አልገባቸው ያለውን ቁልፉን ባሳያቸው ይገባቸው ነበር።

ወፍጮው ግን መተዳደሪያቸው እንጂ ማዕረጋቸው አይደለም። ማዕረጋቸው ጠያቂነት ነው። ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ዱቄቱን ከፀጉራቸው ያራግፋሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ይወጣሉ። በሽተኛ ቤት ሲደርሱ በር አያንኳኩም። ገብተው አስቀድመው ዝም ይላሉ። በሽተኛውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያዩታል። ከዚያ ጉንጫቸውን ይይዙና "ውይ! ውይ ልጄን! አልቀህ የለም እንዴ!" ይላሉ። ይህቺ "አልቀህ የለም እንዴ" ከመርፌ በላይ ትሠራለች። በሽተኛው ሕመሙን ሰው እንዳየለት ያውቃል፤ እንባው ይመጣል፤ እምቢ ያለውን ሾርባ ይጠጣል።

በእኔም አይቼዋለሁ። በመጣሁበት ዓመት ወባ ሲጥለኝ ባልደረቦቼ "ጎጃሜው ሙቀቱን ፈርቶ ነው" እያሉ ያሙኝ ነበር። እትዬ አሰበች ገብተው አልቀሃል አሉኝ። በማግስቱ እነዚያው ባልደረቦቼ ሚሪንዳና ብስኩት ይዘው፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ገቡ። እኔም እስከዚያ ድረስ የማቃስተው በሐፍረት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በኩራት አቃሰትኩ።

አንድ የውጭ ሊቅ፣ በሽተኝነትም እንደ አስተማሪነትና እንደ እናትነት ሚና ነው፤ መብትም ግዴታም አለው ይላል። መብቱ ከሥራ ነፃ መሆንና "ጥፋቱ ያንተ ነው" አለመባል ነው። ግዴታው ደግሞ መዳን መፈለግና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሊቁ ኮኪትን ስለማያውቅ አንድ ነገር አምልጦታል። ሚናውን ራስህ አትወስደውም፣ ላቦራቶሪም አይሰጥህም፤ የሚሰጥህ ጠያቂ ነው። መልሶ የሚነጥቅህም እሱ ነው። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ።

የእትዬ አሰበች ነፍስ ወዳጅ እትዬ ዋሲላ ናቸው። ጨርቅና ሽቶ ይሸጣሉ። ባላቸው አቶ ሷሊህ መተማ ዮሐንስ ድንበሩ ላይ ስለሚነግዱ ወደ ቤት የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። የሁለቱን ሴቶች ግቢ የሚለየው አንድ የእሾህ አጥር ሲሆን፣ አጥሩ ላይ መተላለፊያ ክፍተት ነበረች። በዚያች ክፍተት ያላለፈ ነገር የለም፤ ወንፊት፣ ለሻይ የሚፈላ ከርከዴ፣ ተምር፣ ሐሜት። በፋሲካና በኢድ ሥጋው በየቤቱ ይቀርና ጣፋጩ ይሻገራል። እኔም ተከራይ ነኝና ከሁለቱም በኩል ይደርሰኝ ነበር።

በሰኔ እትዬ ዋሲላ ታይፎይድ ያዛቸው። እትዬ አሰበች በዚያ ሰሞን ሳንጃ እህታቸው ዘንድ ነበሩ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት "ዋሲላ እኮ ደክማለች፣ የምትተርፍም አትመስል" ብሎ ነገራቸው። በዚያ ጭቃ፣ በጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ መንገዱን ሙሉ እያለቀሱ መጡ። እግራቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ዘው ብለው ሲገቡ፣ እትዬ ዋሲላ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሳሚያ ፊታቸውን አጥባ ቅባት ቀብታቸዋለች። ቤቱ በሴት ጠያቂዎች ሞልቷል። እትዬ አሰበች የሬሳ ፊት ጠብቀው የሚያብረቀርቅ ፊት ሲያዩ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ብን ብሎ ጠፋባቸው።

"ኧረ ዋሲላዬ! ምንም አልሆንሽም እኮ! ይህ የሙሽራ ፊት አይደለም እንዴ!" ብለው ጮኹ። እልልታም ጨመሩበት።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እትዬ ዋሲላን ተመለከቱ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩና አይቻቸዋለሁ፤ እስከዚያ ደቂቃ በሽተኛ የሚያዩበት ዓይን ነበራቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ሙሽራ ማየት ጀመሩ። አንዷ "እውነትም" አለች። ሌላዋ ነጠላዋን አነሣች። አሥር ሰው ሲያቃስትላት የነበረች ሴት ብቻዋን ቀረች። በማግስቱ የሚጠይቅ ሰው አልመጣም። የባላቸው እህት መጥታ "ሱቁ እስከ መቼ ነው የሚዘጋው?" አለች። አቶ ሷሊህ ደውለው ነጩ ጀላቢያቸው የት እንደተቀመጠ ጠየቁ። እትዬ ዋሲላም ትኩሳታቸው ሳይበርድ ተነሥተው ሱቅ ከፈቱ። ባንኮኒውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጨርቅ እየለኩ ሰነበቱ። ሲሻላቸው የመጀመሪያ ሥራቸው አጥሩ ላይ የነበረችውን ክፍተት በገዛ እጃቸው በእሾህ መዝጋት ሆነ።

እትዬ አሰበች ነገሩ ፈጽሞ አልገባቸውም።

"ምን በደልኳት? 'ደህና ነሽ' ማለት ስድብ ነው? ደስ ብሎኝ እኮ ነው መምህር! አልሞተችም ብዬ እኮ ነው!"

"እትዬ፣ ይህ ስያሜ ይባላል" አልኳቸው። "ኅብረተሰቡ በእርስዎ አፍ 'ጤነኛ' የሚል ስም ለጠፈባቸው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጤነኛ..."

"ሂድና ለተማሪዎችህ ንገራቸው!"

ሄድኩ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን በዚያ በእሾህ በተዘጋው ክፍተት ፊት ቆመው አየኋቸው። እንደገባቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ሙያቸው ላይ መሳሳታቸውን ግን ለማንም፣ ለራሳቸውም፣ መናገር አልቻሉም። ሽማግሌ ገባ። እትዬ ዋሲላ ለሽማግሌዎቹ ሻይ አቅርበው፣ ፈገግ ብለው፣ "ኧረ አልተጣላንም። ምንም አልሆንኩም" ብለው ሸኟቸው። አልተጣላሁም ያለን ሰው ደግሞ ማስታረቅ አይቻልም።

ጥቅምት ገባ። ሰሊጡ ደረሰ፣ አጫጁ ከየደጋው ወረደ፣ ወባም እንደ ልማዷ አብራ መጣች። እትዬ አሰበችን ወፍጮው ሥር ጣለቻቸው። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ሲስተር ኤልሳቤጥ መርምራ ክኒን ሰጠቻቸው። ቤት ሲመለሱ "አልጋዬን ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር አውጡልኝ፣ ይሞቀኛል" አሉ። አወጣንላቸው። "ወደዚህ አዙሩት" አሉ። አዞርነው። "ትንሽ ወደ አጥሩ" አሉ። የእሾሁ ክፍተት ፊት ለፊታቸው እስኪሆን ድረስ አልጋውን ስንገፋ ዋልን።

ከዚያ ከተማው ጎረፈ። እሳቸው ግርጌው ላይ ያልተቀመጡለት ማን አለና! ድፎ ዳቦ፣ በሶ፣ የዱቄት ወተት፣ ሚሪንዳ፣ ከድንበር የመጣ ሐላዋ የሚሉት ጣፋጭ። አንድ የቀድሞ በሽተኛ ከሩቁ ገለጉ በግ ይዞላቸው መጣ፤ መንገዱ ክፉ ነውና በጉም እሱም ጠያቂ የሚፈልጉ ሆነው ደረሱ። የሚገርመው እትዬ አሰበች በሽተኝነት አያውቁበትም ነበር። የመጣውን ሁሉ መልሰው ይመረምሩታል። "አንተ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል፣ ሐሞትህን ታይተሃል?" ይሉታል ሊጠይቃቸው የመጣውን ሰው። በጤናው መጥቶ ሆዱን ይዞ የሄደ ብዙ ነው።

ክኒኑ አለቀ፤ ትኩሳቱ ጠፋ። ሲስተር ኤልሳቤጥ መጥታ ደማቸውን ወሰደችና "ንጹሕ ነዎት እትዬ፣ መነሣት ይችላሉ" አለቻቸው።

"አልዳንኩም" አሉ።

"ላቦራቶሪው ድነዋል ይላል።"

"ላቦራቶሪው እኔን የት ያውቀኛል?" ብለው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት። በዚያ ሙቀት! ዓይናቸው ግን አጥሩ ላይ ነበር።

የተጣላ ሰው ቢታመም ይጠየቃል። ይህ ሕግ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አያፈርሰውም። ደመኛ እንኳ ጠላቱ ሲተኛ ዱላውን ከበር ውጭ አስደግፎ ይገባል። ባህል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። እትዬ አሰበች የተጠለሉት እዚህ ሕግ ሥር ነበር። እስከተኙ ድረስ እትዬ ዋሲላ መምጣት አለባቸው። ከተነሡ ግን አበቃ፤ የሚመጡበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ድነው ተኙ።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቢሆን ማንም ባልነቃ ነበር። ወፍጮው ግን ቆሟል። ዱቄት ከከተማው ጠፋ። ዳቦ ቤቱ ላይ ሰልፍ ሆነ፣ ቀጥሎ ዳቦም ጠፋ። አጫጆቹ ብስኩት በውኃ እየነከሩ መብላት ጀመሩና "ምግብ ወዳለበት እርሻ እንሄዳለን" ማለት አመጡ። እኔ ራሴ ለቁርስ ብርቱካን፣ ለምሳ ብርቱካን፣ ለእራት ከጠያቂ የተረፈ ሐላዋ እበላ ነበር። ተማሪዎች ፊት ስቆም እጄ ይጣበቃል።

ሲስተር ኤልሳቤጥን በመንገድ አገኘኋትና ነገሩን በሙያ ላስረዳት ሞከርኩ። "ጤና ማለት እኮ በሽታ አለመኖር ብቻ አይደለም" አልኳት። "የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ደህንነት መሟላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ያለው ነው። በዚህ አተረጓጎም እትዬ አሰበች አልዳኑም።"

"እሱን እኔም ተምሬዋለሁ መምህር" አለች በቁጣ። "ማኅበራዊውን የትኛው ክንዳቸው ላይ ልውጋልህ?" ከዚያ ወደ እትዬ ዋሲላ ቤት አየት አደረገችና ፊቷ ጨለመ። "የሙያ ነገር አፌን ባይዘጋው..." ብላ ጀምራ ተወችው። ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። እኔም ብርቱካኑ አስጠልቶኝ ስለነበር ምን ማለቷ ነው ብዬ አልተከታተልኩም።

በምትኩ የራሴን ጥናት ላካሂድ ወደ እትዬ ዋሲላ ሱቅ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ሳሚያ ብቻዋን ቆማለች።

"እናትሽስ?"

"ገ... ገለጉ ናት። ዘመድ ጋ ሄዳለች።"

"ጎረቤቷ ታማ ተኝታ?"

ሳሚያ ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። የታጠፈውን ጨርቅ ፈታ እንደገና አጠፈችው። ያፈረች መስሎኝ ወጣሁ።

ለእትዬ አሰበች መንገር አልነበረብኝም። ግን ርቦኝ ነበር። "እትዬ፣ ቢነሡ ይሻላል፤ እትዬ ዋሲላ ገለጉ ሄደዋል አሉ" ብዬ አፈረጥኩት። ወዲያው ተጸጸትኩ። እጃቸው ላይ የነበረውን ብርቱካን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ልትሸሸኝ ነው የሄደችው" አሉ በመጨረሻ። "አውቃታለሁ እኮ፤ መኪና ያማታል፣ ያስመልሳታል። ለእኔ ብላ ያን መንገድ ሄደች ማለት ጠልታኛለች ማለት ነው።" ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት አቆሙ። ጠያቂ ሲመጣ መመርመርም ተዉ፤ አንዱ ጉንፋን ይዞት ፊታቸው ላይ ቢያስነጥስ እንኳ ዝም አሉት። እኔም ፈራሁ። በውሸት የተኛ ሰው በእውነት ሲሰበር ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው።

ባዘዘው የፈራው ሌላ ነገር ነበር። ባዘዘው የእድራችን ሊቀ መንበርና የሰፊ ሰሊጥ እርሻ ባለቤት ነው። ሰሊጥ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ አጫጅ ካልበላ አያጭድም፤ ወፍጮ ካልፈጨ አጫጅ አይበላም። ይህን ሰንሰለት እኔ በክፍል ውስጥ ባስተምረው እንቅልፍ ይመጣል፣ ባዘዘው ግን ጥፍሩን እየበላ ተማረው። ስለዚህ በዓለም ታሪክ ሰምቼው የማላውቀውን ሽምግልና ሰበሰበ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ እሱ ራሱ፣ ለምስክርነት ሲስተር ኤልሳቤጥ፣ ጎረቤት ነህና ና ተብዬ እኔ። አንዲትን በሽተኛ "እባክሽ ዳኚልን" ለማለት፣ ከምሳ በኋላ ኒሟ ሥር በሰልፍ ቆምን።

"እትዬ አሰበች" ብሎ ባዘዘው ባርኔጣውን አወለቀ። "አጠፋን። ይማሩን።"

"ምን አጠፋችሁ?" አሉ ሳይዞሩ።

ባዘዘው ወደ ቄሱ አየ። ቄሱ ወደ ሼሁ አዩ። ማንም አላዘጋጀውም።

"ያጠፋነውን እንጃ። ብቻ ይዳኑልን። በመድኃኔዓለም!"

"በአላህም" አሉ ሼሁ።

"መዳን በእኔ እጅ ነው እንዴ? እናንተ የሃይማኖት አባቶች አይደላችሁም? ለማን ነው የምትጸልዩት?"

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባዘዘው ግን ነጋዴ ነውና ወደ ድርድር ገባ። "እሺ፣ በሽታዎን ይዘው ይቆዩ፤ ማን ከለከለዎት። ለጠዋት ለጠዋት ብቻ ተነሥተው ይፍጩልንና ከሰዓት ተመልሰው ይተኙ። አልጋውን ወፍጮ ቤት ድረስ እኔ አሸክማለሁ።"

"በግማሽ ቀን የሚታመም ሰው የት አይተሃል?" አሉት።

"ሲስተር፣ ተናገሪ እንጂ!" አላት ባዘዘው ተስፋ ቆርጦ። "ደማቸው ንጹሕ ነው አላልሽም?"

ሲስተር ኤልሳቤጥ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከአጥሩ ማዶ ጩኸት መጣ።

"ሲስተር! ሲስተር ኤልሳ! ቶሎ ነይ፣ እናቴ እንደገና እየተንቀጠቀጠች ነው!" የሳሚያ ድምፅ ነበር። በእሾሁ ላይ ብቅ ብላ ሁላችንንም ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ግን ወጥቷል።

እትዬ አሰበች በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

"እናትሽ ገለጉ አይደለችም?"

ሳሚያ ልቅሶዋን ለቀቀችው። "የትም አልሄደችም። እርስዎ በተኙበት ሰሞን ነው የተኛችው። ሲስተር በጓሮ እየገባች ነው የምታያት። ለሰው እንዳልናገር አስምላኛለች። 'ታምሜያለሁ ብል ማን ያምነኛል?' እያለች... አንድ ሰው አልጠየቃትም!"

እትዬ አሰበች ተነሡ። ተነሡ ስል እንደ በሽተኛ ግድግዳ እየያዙ አይደለም፤ ከአልጋው ዘለሉ። በዚያ ዕድሜ! ብርድ ልብሱ ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ በባዶ እግራቸው፣ በሩ በሌላ በኩል እያለ፣ በእሾሁ መካከል ቀጥ ብለው ገቡ። እሾሁ ብርድ ልብሱን ያዘው፤ ለእሾሁ ትተውለት አለፉ።

"ዳኑ!" ብሎ ጮኸ ባዘዘው። "እሰይ! ቁልፉን! እትዬ፣ ቁልፉን ብቻ!"

"ተአምር ነው" አሉ ቄሱ።

"ተአምር አይደለም፤ ከዳኑ ሰነበቱ" አለች ሲስተር ኤልሳቤጥ፣ ቦርሳዋን ይዛ በእሾሁ ቀዳዳ እየሮጠች። ሁላችንም ተከተልን። የሼሁ ጀላቢያ እሾሁ ላይ ተቀደደ። ጩኸቱን የሰማ መንገደኛም አብሮን ገባ፤ እዚህ አገር ሰው ሲሮጥ አይቶ ቆሞ የሚቀር የለም።

እትዬ ዋሲላ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። አጠገባቸው አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ። ዳቦ የለም፣ ብርቱካን የለም፣ ለጠያቂ የተዘረጋ ምንጣፍ የለም። እኛ ግቢ ሐላዋው ጉንዳን ሲያወጣ እዚህ ይህች ሴት ሕመሟን እንደ ሌባ ደብቃ ነበር። የማውቀው ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ጠፋብኝ፣ ልፈልገውም አልፈለግሁም።

"ምንም አልሆንኩም" አሉ እትዬ ዋሲላ ሳይዞሩ። "ሱቁ ተዘግቷል። ሂዱ።"

የከተማው ታላቅ ጠያቂ እንደ ልማዳቸው ጉንጫቸውን ያዙ፤ ለቀቁት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደው የወዳጃቸውን እግር ያዙ። ትኩሳቱ እጃቸው ላይ ሲሰማቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ታመሻል" አሉ በቀስታ። "ዋሲላ፣ አንቺ ታመሻል።"

ሲስተር ኤልሳቤጥ እንኳ መርፌዋን ይዛ ቆማለች።

እትዬ አሰበች ወደ እኛ ዞሩ። ቄሱም፣ ሼሁም፣ ባዘዘውም፣ እኔም፣ ከመንገድ የገባውም ሰው በሩ ላይ ታጭቀናል። በሰኔው ቀን እዚያ ቤት ከነበሩት ሴቶችም አንዳንዶቹ ደርሰዋል።

"ስሙኝ!" አሉ፣ ሞተሩ እየጮኸ በሚናገሩበት ድምፅ። "ይህች ሴት ታማለች! በሰኔም ታማ ነበር! ሰምታችኋል? ዓይኔ ነው የዋሸው፣ እሷ አልዋሸችም! በሰኔም ታማ ነበር!"

ከግድግዳው በኩል መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ልቅሶ መጣ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የወባው ይሁን የልቅሶው መለየት አልቻልኩም። ባዘዘው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ስለ ቁልፉ ምንም አላለም።

"ድምፅሽን ቀንሺ" አሉ እትዬ ዋሲላ እያለቀሱ። "ራሴን ያመኛል።"

እግራቸውንም ሰብሰብ አድርገው ግርጌው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው።